የጠዋት ርክክብ

ስልኩ የጮኸው ሰኞ ቀትር ላይ ነው። መሐንዲሱ ለምሳ ወደ ቤት ጎራ ብሎ የእናቱን ሾርባ እያማሰለ ነበር፤ ማንኪያውን እንደያዘ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። እናቱን የምታስታምመው ቆቅ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የምታደርገው ነጭ ጫማ ፍለጋ ገበያ ወርዳለች። ሰው የሚሳሳትባትን ሰዓት አስቀድሞ ቢያውቃት ኖሮ እሱም ያን ቀን ምሳውን መሥሪያ ቤቱ አጠገብ በልቶ ይቀር ነበር።

"ከሆስፒታሉ ነው፣ ከሠራተኛ አስተዳደር፤" አለች አንዲት ሴት። ጥድፊያዋ በስልክም ያስታውቃል። "ለረዳት ነርስነት ያመለከተች ልጅ ይህን ቁጥር ሰጥታን ነበር።"

"አዎ፣ እዚህ ናት። አሁን ግን ወጣ ብላለች።" የቆቅ ሞባይል ውኃ ገብቶበት ከተበላሸ ወዲህ የምትገኘው በቤቱ ስልክ ብቻ ነው።

"እንግዲያው ይንገሩልኝ። የዓርቡ ቃለ መጠይቅ ወደ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ዞሯል። ፈታኞቹ ዓርብ አይኖሩም። ረቡዕ ካልቀረበች ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።"

"እሺ፣ እነግራታለሁ፤" አለ መሐንዲሱ። ሲለው ከልቡ ነበር። የሰው ልጅ ብዙውን ጥፋት የሚጀምረው ከልቡ "እሺ" ካለ በኋላ ነው።

ስልኩን ሲዘጋ ዓይኑ ኮሪደሩ ላይ በተሰቀለው የቆቅ ነጭ ጋዋን ላይ አረፈ። ትናንት አጥባው፣ ዛሬ ጠዋት ተኩሳው፣ እንዳይጨማደድ ማንም በዚያ በኩል እንዳያልፍ አስጠንቅቃ ነው የሄደችው። ሆስፒታሉ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው። ለነርሶቹ መኖሪያ አለው። ጋዋኑ ከዚያ ማንጠልጠያ ላይ የተነሳ ዕለት እሷም ከዚህ ቤት ትነሳለች። "ማታ እነግራታለሁ፤" አለ ለራሱ። ማታ ሲደርስ "ነገ" እንደሚል ሆዱ ያን ጊዜውኑ ያውቅ ነበር።

ዘወር ሲል የእናቱ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ከአልጋው ላይ ሁለት ዓይኖች ፍጥጥ ብለው ያዩታል።

"ሰማሽ እንዴ፣ እማዬ?"

"ጓንት፤" አሉ እናቱ።

ስለዚህች ቃል ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። እናቱን ሰፈሩ የሚያውቃቸው "ሜትረን" በሚል ስም ነው። ዕድሜያቸውን በሆስፒታል የፈጁ፣ ስንቱን ነርስ አስተምረውም አስለቅሰውም ለወግ ያበቁ የነርሶች አለቃ ነበሩ። ጡረታ በወጡ ሰሞን ዳሌያቸው ተሰበረና ቆቅ ለአስታማሚነት ተቀጠረችላቸው። ስሙን ያወጡላት እሳቸው ናቸው፤ ሌሊት እግራቸው ኮሽ ባለ ቁጥር ብድግ ስለምትል። "ይቺ ልጅ ቆቅ ናት፣ ለሆስፒታል ዋርድ የተፈጠረች" አሉና ጋደም እንዳሉ ሙያውን ያስተምሯት ጀመር። የማታ ትምህርት አስገቧት። የረዳት ነርስነት ምስክር ወረቀቷን ይዛ ስትመጣ ከእሷ ይልቅ እሳቸው አለቀሱ።

ከዚያ ስትሮክ መጣና ቀኝ ጎናቸውንም ምላሳቸውንም ይዞባቸው ሄደ። ከዚያ ሁሉ ንግግር የተረፈላቸው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ጓንት። ለምን እሱ እንደቀረ ሐኪሙም አያውቅም። ሲጠማቸው ጓንት፣ ሲስቁ ጓንት፣ ሲቆጡም ጓንት ነው። ቤተሰቡ በድምፁ እየለየ ያውቀዋል። የሰኞ ቀትሩ ጓንት የትኛው እንደሆነ መሐንዲሱ አላጣውም።

*

ያን ዕለት ማታ ቆቅ አዲሱን ጫማዋን አድርጋ በክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለች። ለእግሯ ጠበብ ያለ ነበር፤ እሷ ግን "ይለቃል" አለች። መሐንዲሱን ወንበር ላይ አስቀምጣ ፈታኝ እንዲሆንላት ለመነችው። ሜትረን በትራስ ተደግፈው ያያሉ።

"ለምን ረዳት ነርስ መሆን ፈለግሽ?" አለ መሐንዲሱ ድምፁን ጎርነን አድርጎ።

"ምክንያቱም... ሰው መርዳት ስለምወድ።"

"ይሄን ሁሉም ይለዋል።"

"ታዲያ ምን ልበል? በሽተኛ ማገላበጥ ደስ ይለኛል ልበል?" ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ገታ አድርጋ አሰበችበት። "ሰው ራሱን መቻል ሲያቅተው ይሸማቀቃል። ሳይሸማቀቅ እንዲታጠብ፣ ሳይሸማቀቅ እንዲጎርስ ማድረግ እችላለሁ። የምችለው ነገር እሱ ነው።"

መሐንዲሱ ቀጣዩን ጥያቄ ረሳው። ፊቷን ሲያይ "ቀኑ ተቀይሯል" የምትለው ነገር ምላሱ ጫፍ ድረስ መጣችና ተመለሰች። "ጥሩ ነው። ለዓርብ ደርሰሻል፤" አለ። ከአፉ የወጣችውን 'ዓርብ' የምትል ቃል ሜትረንም ሰሟት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

የቤቱ ወግ እንዲህ ነው። ሌሊት ከእናቱ ጋር የሚያድረው መሐንዲሱ ነው፤ ጠዋት ቆቅ ትረከበዋለች። ርክክቡ ቀልድ አይደለም። ሜትረን ምላሳቸው ሳይያዝ በፊት እንደ ዋርድ ደንብ ያስተማሯት ነው። ሁለቱ ተረኞች አልጋው አጠገብ ይቆማሉ፤ ወጪው ሌሊቱን እንዴት እንዳለፈ ይናገራል፣ ገቢው ይሰማል፣ በመጨረሻም ገቢው አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። "ያልነገርከኝ ነገር አለ?" ይህ ሳይጠየቅ ከበሽተኛ አጠገብ ንቅንቅ የለም። "በሽተኛን በሽታው ብቻ አይገድለውም፤" ይሉ ነበር ሜትረን፣ "ተረኛው ሳይናገረው የሄደውም ነገር ይገድለዋል።"

ከርክክቡ በኋላ አንሶላ ይቀየራል። ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው። እሱ በዚያ በኩል፣ እሷ በዚህ በኩል አንሶላውን ጨብጠው "አንድ፣ ሁለት" ብለው ሜትረንን ወደ ላይ ይስባሉ። በመሳቡ መሃል ዓይን ለዓይን ይጋጠማሉ። ምንም አይባባሉም። ሰው ፊት "ጋሼ፣ እርስዎ" ትለዋለች፤ ብቻቸውን ሲሆኑ "አንተ" ነው። ከዚያ አልፎ የሄደ ነገር የለም። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ድልድይ ሲለካ ሲነድፍ ውሎ የሚያስታውሰው ያችን አንሶላ የምትሳብባትን ቅጽበት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ርክክቡን አደረገ። እናቱ ደህና ማደራቸውን፣ በየትኛው ጎናቸው እንደተኙ፣ ስንዴ የምታህል መቅላት ወገባቸው ላይ አይቶ ቅባት እንደቀባላቸው ነገራት።

"ያልነገርከኝ ነገር አለ?"

"የለም፤" አለ።

ከዚያ አንሶላውን ሳቡ። የዚያን ቀን ዓይኑን አላነሳም።

*

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ታላቅ እህቱ መጣች። ራቅ ያለ ሰፈር ባለትዳር ናት፤ ስትመጣ ፍራፍሬና ትእዛዝ ይዛ ነው። ቆቅ ሻይ ልታቀርብ በሩ ጋ ስትደርስ እህትየው ወሬ ላይ ነበረች።

"ሥራ ልትቀጠር ነው አሉ? ደመወዟን ጨምርና አስቀራት እንጂ። ሠራተኛ ጠፍቶ አይደለም፤ እማዬ ለምዳታለች፣ አመሏን ታውቃለች። አሁን አዲስ ሰው ይዘን ልንጫወት ነው?"

"እንግዲህ የእሷ ጉዳይ ነው እትዬ፤" አለ መሐንዲሱ።

"ምን ማለት ነው የእሷ ጉዳይ? እዚህ ቤት ሰው የሆነችው በእማዬ አይደል? ትንሽ ይሉኝታ የላትም?"

ቆቅ ገባች። ፊቷ ላይ ምንም የለም፤ ሻዩን አስቀመጠች፤ "ሌላ የሚያስፈልግ አለ፣ ጋሼ?" አለችው። "የለም፣ አመሰግናለሁ፤" አላት። እህቱ ስለ እሷ ያን ሁሉ ስታወራ በአንዲት ቃል እንኳ እንዳልተከላከለላት ያወቀው ቆቅ ከወጣች በኋላ ነው። ሰኞ የጀመረው ጥፋት ማክሰኞ ልጅ ወለደ።

ማታ ከሥራ ሲመለስ ሾርባውን ይዞ እናቱ አጠገብ ተቀመጠ። ሜትረን አፋቸውን ገጠሙ። ማንኪያውን ሲያስጠጋ በደህናው እጃቸው ገፉት፤ ሾርባው አንሶላው ላይ ተደፋ። ቆቅ እየሮጠች መጣች። ከእሷም እጅ አልጎርስ አሉ። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ እሷን ሲያዩ ያልተነገራት ነገር ያንገበግባቸዋል፤ ልጃቸውን ሲያዩ ደግሞ ያልተናገረው ነገር ይብስባቸዋል። የሚሉት ግን አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ጓንት፣ ጓንት፣ ጓንት። ምስኪኗ ቆቅ ምን ታድርግ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

አንሶላውን ለማጠብ ይዛ ወጥ ቤት ስትገባ ተከተላት። ቧንቧው ስር ቆማ ታለቅሳለች።

"በእኔ ነው የተቆጡት፤" አለች። "እህትህ እውነቷን ነው። ምግብ እምቢ ያሉት ጥያቸው ልሄድ ስለሆነ ነው። እናቴ እንኳ ያላደረገችልኝን ያደረጉልኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ ደግሞ አሁን ምላሳቸው በተያዘ ሰዓት..."

"እንዲህ አትበይ።"

"አልሄድም። ይቅርብኝ። ዓርብ አልሄድም።"

ይሄው፤ ሲመኘው የነበረው ነገር ያለ ምንም ልፋት እጁ ላይ ወደቀ። አሁን ስለ ስልኩ መናገርም አያስፈልገውም። ረቡዕም ያልፋል፣ ዓርብም ያልፋል፣ ጋዋኑ ከማንጠልጠያው አይነሳም። ደስ ሊለው ሲገባ አፉ መረረው። እሷ ያልሠራችውን በደል ተሸክማ ስታለቅስ፣ የሠራው ሰው ደረቁን ቆሞ ያያል።

"አንቺ ካልሽ፤" አለ በመጨረሻ። ለምን እንዳላት እሱም አያውቅም።

ቆቅ ዕንባዋን በክንዷ ጠርጋ አንሶላውን ማሸት ጀመረች። ለሁለት ዓመት ያጠራቀመችው ተስፋ ከሾርባው ጋር አብሮ እየታጠበ ሲወርድ ያየ መሰለው፤ መቆም አቅቶት ወጣ።

*

ረቡዕ ጠዋት ቆቅ ዓይኗ እንዳበጠ ልትረከበው መጣች። ጋዋኑ ኮሪደሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው። አልጋው አጠገብ ቆሙ፤ መሐንዲሱ ሌሊቱን ነገራት። እናቱ ውኃ መጠጣታቸውን፣ እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው፣ እሱንም እንዳልወሰደው ተናገረ። ቆቅ ትራሱን እያመቻቸች ሰማችው።

"ያልነገርከኝ ነገር አለ?" አለች፤ ወጉ ስለሆነ ያህል።

"የለ..." ብሎ ጀመረ። እናቱ በደህናው እጃቸው እጁን ይዘውታል። አልጨመቁትም፣ አልገፉትም፤ ዝም ብለው ያዙት። ልጅ ሆኖ መርፌ ሲወጋ እንዲህ ነበር የሚይዙት።

"አለ፤" አለ።

ቆቅ ቀና ብላ አየችው።

"ሰኞ ቀትር ላይ ስልክ ተደውሎ ነበር። ከሆስፒታሉ። ቃለ መጠይቁ ከዓርብ ወደ ዛሬ ዞሯል። ሦስት ሰዓት ላይ ነው።"

"ዛሬ?"

"ዛሬ።"

ትራሱን እንደያዘች ቆመች። "ረስተኸው ነው፣ አይደል?" አለች ቀስ ብላ። የማምለጫውን በር ራሷ ከፍታ ሰጠችው፤ አንዲት "አዎ" ብቻ ነበር የምትበቃው። ተረስቶ የቀረ መልእክት ስንት ቤት አለ፤ ማንም ይቅር ይለዋል።

"አልረሳሁትም። አንድ ደቂቃም አልረሳሁትም። እንዳትሄጂ ብዬ ነው።"

ትራሱን አስቀመጠችው፤ ጠርዙን በእጇ አስተካከለች። ከዚያ ስትናገር ድምፅዋ ከፍ እንኳ አላለም።

"እሺ፣ ጋሼ።"

ብቻቸውን ሆነው ጋሼ ብላው አታውቅም። በጥፊ ብትለው ይሻለው ነበር።

"ትናንት አልሄድም ብዬ ሳለቅስ አጠገቤ ቆመው ነበር።"

"ነበርኩ።"

"'አንቺ ካልሽ' አሉኝ።"

"አልኩሽ።"

"እማማ የተቆጡት በእኔ መስሎኝ ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ስረግም አደርኩ። ውለታ ቢስ ነሽ እያልኩ።" ወደ አልጋው ዞረች። "እማማ፣ ስልኩን ሰምተው ነበር?"

"ጓንት፤" አሉ ሜትረን፤ ዕንባቸው በጉንጫቸው ወርዶ ጆሯቸው ውስጥ ገባ። ቆቅ በመዳፏ ጠረገችላቸው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየችና ወጣች።

ስትመለስ ጋዋኑን በፌስታል አጥፋ፣ ምስክር ወረቀቷን በብብቷ ይዛ፣ ያንን ጠባብ ነጭ ጫማ አድርጋ ነበር። መሐንዲሱ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

"ላድርስሽ። በዚህ ሰዓት ታክሲ ይዘሽ አትደርሺም።"

"እሳቸውንስ ለማን ትተው?"

ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ቆቅ ግን አልወጣችም። እየረፈደባት፣ የታክሲ ሰልፉ እየታሰባት፣ ተመልሳ አልጋው አጠገብ ቆመችና ተረኛ ለተረኛ እንደሚነግረው ነገረችው። "ኪኒናውን ከቁርስ በኋላ፣ አድቅቀው፣ በማንኪያ። ቀና ሳይሉ ውኃ እንዳይሰጧቸው። የታመመውን እጃቸውን ጣት በጣት ዘርጋ እያደረጉ ያንቀሳቅሱላቸው፤ ያማቸዋል፣ ግን ከተዉት ይደርቃል። ረፋድ ላይ ፀሐይ በዚህ በኩል ስትገባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዙሩላቸው። ምሳ እምቢ ካሉ አይለምኗቸው። ማንኪያውን ያስቀምጡና ስለ ድሮ ዋርድ ይጠይቋቸው። ጓንት፣ ጓንት እያሉ ያወሩልዎታል። የገባዎት መስለው አይስቁ፤ በደንብ ይስሟቸው። ከዚያ ይጎርሳሉ።"

መሐንዲሱ የእናቱን ቀን አንዲት ሰዓት እንኳ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ገባው። ቆቅ እንዳትሄድ መልእክቱን የደበቀው ለእናቱ ብሎ መስሎት ነበር፤ ለካ ከራስ በላይ ነፋስ ኖሯል።

"ጨረስኩ፤" አለች ቆቅ። ቆማ ጠበቀች። "ይጠይቁኝ እንጂ። ርክክቡ አላለቀም።"

"ያልነገርሽኝ ነገር አለ?" አለ፤ ድምፁ ተሰንጥቆ።

"አለ።"

ጫማዋን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ ከዚያ እሱን አየችው።

"ሥራውን የፈለግኩት ከዚህ ቤት ለመሸሽ መሰለህ? በየጠዋቱ አንሶላ ስንስብ የምታየኝን አስተያየት የማላውቀው ይመስልሃል? አውቀዋለሁ። እኔም እንደዚያው ነው የማይህ። ግን ከዚህ ቤት ደመወዝ እየተቀበልኩ፣ እህትህ ሠራተኛ እያለችኝ፣ እወድሃለሁ ብልህ ምን ይባላል? ቤቱን ፈልጋ ነው ይባላል። ማንም ባይለው አንድ ቀን ስንጣላ አንተ ትለዋለህ። የራሴ ሥራ፣ የራሴ ክፍል ኖሮኝ፣ አንድ እሑድ እንደ እንግዳ ይህን በር አንኳኩቼ ልገባ ነበር። ያልነገርኩህ ይሄ ነው።"

ጎንበስ ብላ የሜትረንን ግንባር ሳመች። የግቢው በር ሲዘጋ ተሰማ። መሐንዲሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን የጣለ ሰው ሲተረትበት ሰምቶ ነበር እንጂ እንዲህ እንደሚያም ማንም አልነገረውም።

*

ወደ መሥሪያ ቤቱ ደውሎ ከሥራ ቀረ። ኪኒናውን አደቀቀ። ጣት በጣት ዘረጋ። እናቱ ሲያማቸው ፊታቸውን አኮማተሩ፤ እሱም አብሯቸው አኮማተረ። ረፋድ ላይ ወደ መስኮቱ አዞራቸው። ሰዓቱ ሦስትን ሲያልፍ አላየሁም ብሎ ቢምል ማንም አያምነውም።

ምሳ ሰዓት ላይ ሜትረን አፋቸውን ገጠሙ። ማንኪያውን አስቀመጠ። "እማዬ፣ ርክክብ ላይ ነገር የደበቀችሽ ነርስ ኖራ ታውቃለች?" አላቸው። "ምን አደረግሻት?"

ሜትረን ብዙ አወሩ። በጓንት ተቆጡ፣ በጓንት አስረዱ፣ በደህናው እጃቸው አየሩን ቆረጡት። መጨረሻ ላይ ግን ድምፃቸው ለስለስ አለ። ምን እንዳሉ ቃል በቃል አልገባውም፤ አስመስሎም አልሳቀም። ያችን ነርስ እንዳላባረሯት ብቻ ገባው። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ። እሱ እያጎረሰ ዕንባው ሾርባው ውስጥ እንዳይወርድ ፊቱን አዞረ።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ያችው ባለ ጥድፊያ ሴት ናት።

"ልጅቷ አለች?"

"ገና አልመጣችም።"

"ሰኞ ያነጋገሩኝ እርስዎ ነዎት? እነግራታለሁ ብለውኝ አልነበር? አርፍዳ መጣች እኮ። በር ሊዘጋባት ነበር።"

"ምን አለቻችሁ?" አለ፤ ግድግዳውን ተደግፎ።

"ለምን አረፈድሽ ሲሏት 'በሽተኛዬን ሳላስረክብ መውጣት አልቻልኩም' አለች። ሌላ ምንም አልተናገረችም። የፈታኞቹ ሰብሳቢ 'ግቢ' አሏት።"

ስሙን አላነሳችም። ከምትከሰው ይልቅ የምትሸፍነው ሰው ሆኖ መገኘቱ ነው የከበደው።

"መልእክቱን ያላደረስኩት እኔ ነኝ፤" አለ። "ረስቼ አይደለም። የእሷ ጥፋት እንዳይመስላችሁ።"

"እንግዲህ ዛሬ ቢያደርሱት ጥሩ ነው፤" አለች ሴትየዋ። "አልፋለች። ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። እሑድ መጥታ የመኖሪያ ክፍሏን ትረከብ። የትምህርት ማስረጃዋን ዋናውን፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍም ትያዝ።"

ስልኩን ሲዘጋ እግሩ ወደ በሩ አመለጠው። ታክሲ መውረጃው ድረስ ሮጦ ሊነግራት ፈለገ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ። ከአልጋው ላይ ሁለት ዓይኖች ያዩታል። ሳያስረክብ ከበሽተኛ አጠገብ የት ይሄዳል? ተመልሶ ተቀመጠ። ሰኞ መናገር ያቃተውን ነገር ዛሬ መያዝ አቃተው፤ እንደ ትኩስ ድንች አፉ ውስጥ ያንገላታው ጀመር። የሚነግራት ነገር እሷን ከዚህ ቤት የሚወስድ ነገር ነው፤ እሱንም ያውቃል። ቢሆንም በሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብድግ ይል ነበር።

አመሻሹ ላይ የግቢው በር ሲጢጥ አለ። ቆቅ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ፣ ተረከዟ ተልጦ፣ ፊቷ ገርጥቶ ገባች። "ውጤት በስልክ ነው ብለውናል፤ እንደማላልፍ አውቄዋለሁ..." ብላ ስትጀምር ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አገኘችው።

"ስልክ ተደውሎ ነበር፤" አለ።

ባለችበት ቀጥ አለች።

"አልፈሻል። ሰኞ ትጀምሪያለሽ። እሑድ ሄደሽ ክፍልሽን ትረከቢያለሽ። የትምህርት ማስረጃሽን ዋናውን ያዢ። ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍም ብላለች። የባለፈውን ሰኞ መልእክት ያስቀረሁት እኔ መሆኔንም ነግሬያታለሁ።"

ቆቅ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሁለቱን ጫማዎች ደረቷ ላይ አቅፋ አለቀሰች። አልተጠጋትም፤ መጠጋት የሚገባው ሰው እንዳልሆነ ያውቃል። ጥቂት ቆይታ ቀና አለች።

"ያልነገርከኝ ነገር አለ?"

እንደገና በ"አንተ" ነው የጠየቀችው።

"አለ። እሱን ግን እዚህ ቤት ውስጥ አልነግርሽም። እሑድ ከሰዓት በኋላ የነርሶቹ መኖሪያ በር ላይ መጥቼ፣ ዘበኛውን አስፈቅጄ፣ እንደ እንግዳ ነው የምነግርሽ።"

"ባልወጣስ?"

"አትውጪ። የሚቀጥለው እሑድ እመለሳለሁ።"

ተነስታ እጇን ታጠበችና ወደ ክፍሉ ገባች። "እማማ፣ አለፍኩ፤" ስትል ተሰማው። ሜትረን መለሱላት፤ ያችኑ ቃል፤ ግን በዚያ ቤት ውስጥ ጓንት እንዲያ ተብላ አታውቅም።

"እርጥብ ነው እኮ ይሄ አንሶላ፤" አለች ቆቅ ከውስጥ። "ና፣ በዚያ በኩል ያዝልኝ።"

ገባና ያዘ። "አንድ፣ ሁለት" አለች፤ ሳቡ። ዓይኑን ማንሳት ፈራ። ምን እንደሚያይ እያወቀ ነው የፈራው፤ ሰኞን፣ ማክሰኞን፣ ቧንቧው ስር የፈሰሰውን ዕንባ ያያል። ሲያነሳ እሷ ቀድማ እያየችው ነበር። ፈገግታ ፊቷ ላይ አልነበረም፤ ይቅርታም ገና አልደረሰም። ግን አንሶላው ተወጥሮ ካለቀም በኋላ ዓይኗን ከዓይኑ አልነቀለችም።